ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ምዕራፍ ግን ይነቅዛል

«ጤና ይስጥልኝ። የአንድ ክልል ዩኒቨርሲቲ መምህርት ነኝ። ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተልኬ ሦስተኛ ዓመቴን ልጨርስ ነው። የማጠናው የአፈር ለምነትን ነው። ዋና አማካሪዬ በሙያቸው የተከበሩ ፕሮፌሰር ናቸው። ክፉ ሰውም አይደሉም። ግን ሁለተኛውን ምዕራፍ ከላክሁላቸው ሦስት ወር ሆነኝ። ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ ‹አይቼዋለሁ፣ ጥሩ ነው፣ በዚህ ሳምንት እንነጋገራለን› ይሉኛል። ያ ሳምንት አልመጣም። ልደውል እልና እፈራለሁ። ጨቅጫቃ ብለው ቢይዙኝስ?

ሁለተኛው አማካሪዬ ወጣት ዶክተር ነው። ቶሎ ያያል። ግን ፕሮፍ ያስወጡኝን ሁሉ መልሶ ያስገባኛል። ባለፈው ወር ደግሞ ለጆርናል ያዘጋጀሁት ጽሑፍ ላይ ፕሮፍ የአንድ ባልደረባቸውን ስም ጨምሪበት አሉኝ። ሰውዬውን አንድ ቀን እንኳ አግኝቼው አላውቅም።

የላከኝ ዩኒቨርሲቲ የጥናት ፈቃዴ በአራተኛው ዓመት እንደሚያበቃ በደብዳቤ አስታውሶኛል። ከዚያ በኋላ ደመወዜ ምን እንደሚሆን አላውቅም። የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ። ማታ ማታ ሁሉንም ትቼ ልመለስ እላለሁ። ምን ላድርግ?

ሦስተኛ ዓመት ላይ የቆመችው»

እህቴ፣ አንቺ ማለቴን አትቀየሚኝ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ እንደ ቀድሞ ተማሪ፣ ቀጥሎ እንደ ዛሬ አማካሪ።

እንደ ተማሪ ሳነበው ሆዴ ባባ። እኔም አንድ ምዕራፍ ልኬ አራት ወር ጠብቄያለሁ። የአማካሪዬ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃውን ስወጣ እግሬ ይከብደኛል። መኪናቸው ግቢ ውስጥ ቆሞ ካየሁ በጓሮ በር እገባለሁ። ልብ በዪ፤ ኮመንት የሚጠብቀው እኔ፣ የሚደበቀውም እኔ። ለምን ብትዪኝ ዝምታቸውን ራሴ ተርጉሜዋለሁ። «ጽሑፉ የማይረባ ስለሆነ እንዴት እንደሚነግሩኝ ጨንቋቸው ነው» ብዬ ደምድሜያለሁ። እሳቸው አንዲት ቃል ሳይናገሩ፣ እኔ በእሳቸው ስም ራሴን ስሰድብ ከረምኩ።

እንደ አማካሪ ሳነበው ደግሞ አፈርኩ። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬ ቢሮዬ ገብታ «ዶክተር፣ ምዕራፉን ከላክሁልዎ ዛሬ 76 ቀን ሆነው» አለችኝ። ቆጥራዋለች። እኔ ደግሞ 11ኛው ገጽ ላይ ቆሜያለሁ። ለምን እዚያ እንደቆምኩ ልንገርሽ። ያንቺ ፕሮፍም የት እንደቆሙ ሊጠቁምሽ ይችላል።

ፋይሉ 94 ገጽ ነበር። አብሮት የመጣው መልእክት «ሰላም ዶክተር፣ ምዕራፍ ሁለትን አያይዤ ልኬያለሁ፣ እባክዎ ይመልከቱልኝ» ይላል። ምኑን ነው የምመለከተው? አማርኛውን ነው እንግሊዝኛውን፣ ሐሳቡን ነው ሠንጠረዡን? አልተነገረኝም። ስለዚህ ሁሉንም ላየው ወሰንኩ። ሁሉንም ለማየት ሙሉ ቀን ያስፈልጋል። ሙሉ ቀን ደግሞ የለኝም። ሰኞ የትምህርት ክፍል ስብሰባ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ አስተምራለሁ። በመሀል የማስተርስ ተማሪዎች ዲፌንስ ይመጣል። ቅዳሜ ደሞዝ ስለማይበቃ የምሠራው ሌላ ሥራ አለ። «እሁድ አየዋለሁ» አልኩ። እሁድ ለቅሶ ተሄደ።

በሁለተኛው ወር ሌላ ነገር መጣ፤ ኀፍረት። ይህን ያህል ካቆየሁት በኋላ ሁለት መስመር ኮመንት ብልክ ያስቃል። በደንብ የታየ፣ ጥልቅ አስተያየት መሆን አለበት። ጥልቅ አስተያየት ደግሞ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ዞሮ ዞሮ እዚያው። በሦስተኛው ወር ልጅቷን ኮሪደር ላይ ሳያት ስልክ የማወራ መምሰል ጀመርኩ። የጓሮው በር ለእኔ ሆነ።

ስለዚህ ፕሮፍ «አይቼዋለሁ፣ ጥሩ ነው» ሲሉሽ ምናልባት አላዩትም። ውሸታም ሆነው አይደለም። ያፈረ ሰው የሚለው እንደዚያ ነው።

ይህን ስልሽ ጥፋቱ ያንቺ ነው ማለቴ አይደለም። ሦስት ወር ብዙ ነው። ማማከር ሥራቸው ነው፤ የሚውሉልሽ ውለታ አይደለም። አንድ ነገር ግን ልብ በዪላቸው። የዶክትሬት ትምህርት አገር ውስጥ ገና ወጣት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንኳ መስጠት የጀመረው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። ከዛሬዎቹ አንጋፋ ፕሮፌሰሮች ብዙዎቹ የተማሩት በሰው አገር ነው። አፈሩን፣ ኬሚስትሪውን፣ ታሪኩን ተምረው መጡ። ተማሪ እንዴት እንደሚያዝ ያስተማራቸው የለም። እኔንም ማንም አላስተማረኝም። በተያዝንበት እንይዛለን፣ በቃ።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ። ብዙ ሰው «ችግሩ ባህላችን ነው፤ ታላቅ ስለምናከብር ደፍረን አንጠይቅም» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከቅኔ ቤት የበለጠ መምህር የሚከበርበት ቦታ አሳዪኝ። የኔታ ማለት እኮ «የእኔ ጌታ» ማለት ነው። ግን ያ የኔታን እንደዚያ የሚፈራ ተማሪ ቅኔውን ቆጥሮ፣ ማለትም አዘጋጅቶ፣ ፊታቸው ቀርቦ ይነግራል። የኔታ ይሰማሉ፤ የተበላሸውን እዚያው ያርማሉ። ነገ ደግሞ አዲስ ቆጥሮ ይመጣል። የኔታ ለሁሉም ካልደረሱ አስነጋሪው አለ፤ ከፍ ያለው ተማሪ የታናናሾቹን ይሰማል። የሚጀመረውም ከአጭሩ የቅኔ ዓይነት፣ ከጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ። ቀጥሎ ዘአምላኪየ፣ ሦስት ቤት። እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደረሳል። ቅኔ ቤት በገባ በመጀመሪያው ቀን መወድስ ይዞ የሚቀርብ የለም።

እኛ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንመጣ ፍርሃቱን ይዘን መጣን፤ ቅኔው የሚነገርበትንና የሚታረምበትን ሰዓት ግን እዚያው ጥለነው መጣን። መወድሱን በአንዴ 94 ገጽ አድርገን እንልካለን። ከዚያ ደጅ እንጠናለን።

አንቺ ጉባኤ ቃና ላኪ።

ምዕራፉን እንደገና አትላኪው። «አስታዋሽ» የሚል መልእክትም አትላኪ፤ አስታዋሽ ያፈረን ሰው የባሰ ያሸሻል። አጭር፣ አዲስ፣ በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ላኪላቸው። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ፕሮፍ፣ ጤና ይስጥልኝ። ምዕራፍ ሁለትን ቀደም ብዬ ልኬልዎ ነበር። ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ ዋና ዋናውን በሁለት ገጽ አሳጥሬ አያይዤዋለሁ። ውሳኔዎን የምፈልገው ሁለት ነገር ላይ ብቻ ነው። አንደኛ፣ ናሙና የወሰድኩባቸውን ቦታዎች በከፍታ ልመድባቸው ወይስ በአፈር ዓይነት? እኔ በአፈር ዓይነት ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱ ገጽ 1 ላይ አለ። ሁለተኛ፣ የሁለተኛው ዓመት የዝናብ መረጃ ጎደሎ ነው። ልተወው ወይስ በአቅራቢያው ካለው ጣቢያ ልሙላው? ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከሰዓት 30 ደቂቃ ቢሰጡኝ ቢሮዎ እመጣለሁ። ካልተመቸዎ በድምፅ መልእክት ቢመልሱልኝም ይበቃኛል። እስከዚያው በአፈር ዓይነት መድቤ ሥራዬን እቀጥላለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አየሻት? ክብራቸውን አልነካችም። ግን ዝም ቢሉም አንቺ አልቆምሽም። ከሁለት ወር በኋላ «ለምን እንዲህ አደረግሽ?» ቢሉሽ ቀኑ ያለበት ጽሑፍ በእጅሽ አለ። ደግሞ የራስሽን አቋም ተናግረሻል። ይህን ተማሪዎች አይወዱትም፤ ድፍረት ይመስላቸዋል። ለአማካሪ ግን ትልቅ እረፍት ነው። «ምን ላድርግ?» ለሚል ሰው አስቤ መመለስ አለብኝ። «ይህን ላደርግ ነው፣ ይሁን?» ለሚል ሰው «ይሁን» ማለት ይበቃኛል።

የት ነው የምትልኪው የሚለውም ቀላል ነገር አይደለም። የፕሮፍ ኢሜይል ውስጥ ምናልባት ሺህ ያልተከፈተ መልእክት አለ። ቴሌግራም ላይ ግን ማታ ማታ ይገኙ ይሆናል። አንዳንድ አንጋፋ መምህር ደግሞ ስክሪን ላይ ማንበብ አይሆንላቸውም። እነሱ ዘንድ ፕሪንት አድርጎ፣ በክሊፕ አስይዞ፣ ለጸሐፊዋ መስጠትን የሚያክል የለም። የእኔ አማካሪ እንደዚያ ነበሩ፤ ያወቅሁት በሁለተኛው ዓመቴ ነው። አራት ወር የጠፋውን ምዕራፍ አትሜ ጠረጴዛቸው ላይ ባስቀመጥኩ በስድስተኛው ቀን በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ መጣ። ጠይቂያቸው። «በየትኛው መንገድ ብልክልዎ ይቀልዎታል?» ማለት ጭቅጭቅ አይደለም።

ቀጠሮውን ካገኘሽ አንድ ወረቀት ይዘሽ ግቢ። ሦስት ነጥብ፣ ከዚያ አትለፊ። ወሬው ወደ ፖለቲካና ወደ ዋጋ ንረት መሄዱ አይቀርም፤ ይሂድ፣ ግን ወረቀቷን ፊት ለፊት አስቀምጪያት። ከወጣሽ በኋላ በዚያው ማታ አምስት መስመር ጻፊላቸው። «ዛሬ ለሰጡኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። የተስማማንበት ይህ ይህ ነው። እኔ እስከ ወሩ መጨረሻ ይህን እልካለሁ። የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ።» ከወጣሽ በኋላ የሚቀረው እሱ ነው። ሰው ስለሆኑ ይረሳሉ። በመጋቢት ያሉትን በሰኔ ቢቃወሙ አትገረሚ፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ያኔ «እርስዎ እኮ ነዎት ያሉኝ» ከማለት «በመጋቢቱ ማስታወሻ ላይ እንዲህ ብለን ነበር፤ ይቀየር?» ማለት ይሻላል።

ስለ ወረቀት ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ላጫውትሽ። እኔ የተማርኩት ሳንድዊች በሚባለው መንገድ ነው፤ ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን ስዊድን። እዚያ ስደርስ ያስደነገጠኝ ቅዝቃዜው አይደለም። ፕሮፌሰሯን በስሟ ጥራ መባሌ ነው። ምላሴ እምቢ አለ። ሦስት ወር ያህል ምንም ሳልጠራት፣ «ይቅርታ» እያልኩ ጀምሬ አወራት ነበር። ፊካ የሚሉት የቡና ሰዓት አላቸው። ፕሮፌሰሯም ተማሪውም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ግማሹ ጥያቄዬ የተመለሰው እዚያ ነው።

በስም መጠራራቱን አምጡ አልልም፤ ለእኛ አይመጥንም፣ አያስፈልግምም። እኔን ያስቀናኝ ሌላ ነገር ነው። የስዊድን የከፍተኛ ትምህርት ደንብ እያንዳንዱ የዶክትሬት ተማሪ ቢያንስ ሁለት አማካሪ እንዲኖረው፣ የግል የጥናት ዕቅድም እንዲዘጋጅለት ያዛል። ዕቅዱ ላይ ተማሪውም ተቋሙም የገቡት ግዴታ ይሰፍራል። በየጊዜው ይታያል። ተማሪው ከጠየቀም አማካሪ መቀየር መብቱ ነው። ፕሮፌሰሯ ቶሎ ትመልስልኝ የነበረው ስለወደደችኝ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ ወረቀት አለባት።

እኛ ጋ ያ ወረቀት የለም እንዳትዪ። አንቺ ልታዘጋጂው ትችያለሽ። አንድ ገጽ ይበቃል። እስከ መመረቂያሽ የቀሩት ሥራዎች፣ እያንዳንዱ የሚያልቅበት ወር፣ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ፕሮፍ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈልጉ። የላከሽ ዩኒቨርሲቲ የሂደት ሪፖርት ይጠይቅሽ የለ? አማካሪሽ መፈረም የለባቸው? በጣም ጥሩ አጋጣሚ ነው። ወረቀቷን ከሪፖርቱ ጋር አያይዘሽ ግቢ። «ፕሮፍ፣ ሪፖርቱን ለመፈረም ይረዳዎ ብዬ ቀሪውን ሥራ አስቀምጬዋለሁ። ሁለት ሳምንት በአንድ ምዕራፍ ይበቃዎታል ወይስ ሦስት ይሁን?» አብዛኛው ሰው ሦስት ይልሻል። ሦስት ሳምንት ከሦስት ወር ይሻላል።

ደመወዙን በተመለከተ፣ እስከ መጨረሻው ቀን አትጠብቂ። አሁኑኑ የላከሽ ዩኒቨርሲቲ ጋ ጽፈሽ የማራዘሚያ ሥርዓቱን ጠይቂ። የሚጠይቁሽ የአማካሪሽን ደብዳቤ ነው። ፕሮፍ ዘግይተው ከሆነ ያቺን ደብዳቤ ለመጻፍ እምቢ አይሉም፤ ኀፍረቱ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። ቤትሽን የሚመለከተውን ጉዳይም ንገሪያቸው። ልጅ እንዳለሽ፣ ፈቃድሽ መቼ እንደሚያበቃ ያውቃሉ? ደብዳቤሽን ሳነብ የሚያውቁ አልመሰለኝም። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውም እኮ የእኛው ተረት ነው።

ስለ ሁለቱ አማካሪዎች። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። ያንቺ ባላዎች ግን ወዲህና ወዲያ እየጎተቱሽ ነው። እዚህ ላይ የምትሠሪው ስሕተት አንድ ነው። የአንዱን ኮመንት ለሌላው ሳትነግሪ አንቺው ተሸክመሽ እያመላለስሽ ነው። ተላላኪ ሆነሻል። አቁሚው። ከዛሬ ጀምሮ ለሁለቱም በአንድ መልእክት ላኪ። ኮመንታቸው ሲጋጭ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጪ፤ «ፕሮፍ ይህ ክፍል ይውጣ ብለዋል፣ ዶክተር ይግባ ብለዋል፤ እኔ ወደዚህኛው አዘነብላለሁ፣ ምን ትላላችሁ?» በዪ። ወጣቱ ዶክተር ፕሮፍ እንዳስወጡት ምናልባት አያውቅም። ሲያውቅ ግማሹን ራሱ ይተወዋል። የቀረውን ይነጋገሩበት፤ እነሱ ናቸው ባልደረቦች። ካልተስማሙ የዋናው አማካሪ ቃል ይጸናል፤ ይህንንም መጀመሪያ ሦስታችሁ አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ብትሉት ጥሩ ነው። ወጣቱን ግን አታስቀይሚው። ቶሎ የሚያይ አማካሪ ወርቅ ነው። አስነጋሪሽ እሱ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ። የማታውቂው ሰው ስም።

ይህ የሚደረገው እኛ አገር ብቻ አይደለም። በየአገሩ የስጦታ ስም አለ። ግን ልክ አይደለም፤ ልክ አለመሆኑንም የምትናገሪው አንቺ ብቻ አይደለሽም። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ከ1978 እ.ኤ.አ. የቫንኩቨር ስብሰባ የተነሣ ነው። ደራሲ ለመባል አራት ነገር አንድ ላይ መሟላት አለበት ይላል። በሐሳቡ፣ በመረጃው ወይም በትንተናው ላይ ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረግ፤ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፤ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ለሥራው ተጠያቂ ለመሆን መስማማት። ገንዘብ ማምጣት ብቻውን አይበቃም። አለቃ መሆን ብቻውንም አይበቃም። አንቺ የአፈር ሰው ብትሆኚም ሌሎች ብዙ ጆርናሎች ተመሳሳይ ነገር ይጠይቃሉ። አንዳንዶቹ ጽሑፉን ስትልኪ እያንዳንዱ ደራሲ ምን እንደሠራ አስጽፈው ነው የሚቀበሉሽ።

መውጫሽም እሱ ነው። «ፕሮፍ፣ አልጨምርም» አትበዪ። «ፕሮፍ፣ ጆርናሉ እያንዳንዱ ደራሲ የሠራውን እንድጽፍ ይጠይቀኛል። ለዶክተር እገሌ ምን ብዬ ልጻፍ?» በዪ። ከዚያ ዝም በዪ። አንዳንዴ እውነተኛ መልስ ይመጣል፤ ላብራቶሪው የሰውዬው ሆኖ፣ ናሙናሽን ያስተነተነው እሱ ሊሆን ይችላል፤ አንቺ ባታገኚውም። ያኔ ረቂቁን አንብቦ አስተያየት ይስጥበት፣ ያጽድቀውም፤ ስሙ ይገባል። መልስ ከሌለ ደግሞ ‹ምስጋና› የሚለው ክፍል አለ፤ እዚያ ላይ መጥቀስ ማንንም አያስቀይምም። ለሚቀጥሉት ጽሑፎች ግን ገና አንድ መስመር ሳትጽፊ ማን አንደኛ፣ ማን ሁለተኛ እንደሚሆን ተስማሙ። ከመጻፍ በፊት ሲሆን አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ከተጻፈ በኋላ ወዳጅነት ይፈጃል።

ጆስሊን ቤልን ታውቂያታለሽ? በ1967 እ.ኤ.አ. ካምብሪጅ የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። አማካሪዋ አንቶኒ ሂዊሽ ነበር። ከሬዲዮ ቴሌስኮፑ በቀን 30 ሜትር ገደማ የሚረዝም ወረቀት ይወጣል፤ እሷ በዓይኗ ታነበዋለች። አንድ ቦታ ላይ ግራ የሚያጋባ ጭረት አየች። ሂዊሽ መጀመሪያ ሰው ሠራሽ ጣልቃ ገብነት ነው ብሎ ጠረጠረ። እሷ ግን ተመልሳ ተመልሳ መረጃ አመጣችበት። ፑልሳር የሚባሉት ከዋክብት የታወቁት እንዲህ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማቱ ለሂዊሽና ለማርቲን ራይል ተሰጠ፤ ለእሷ አልተሰጠም። ሰዉ እስከ ዛሬ ያነሣዋል። የሚያነሣበት ምክንያት ግን አንድ ወረቀት ነው። በ1968ቱ ጽሑፍ ላይ ስሟ ከሂዊሽ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ታትሟል። በ2018 እ.ኤ.አ. ሌላ ትልቅ ሽልማት፣ ሦስት ሚሊዮን ዶላር ተሰጣት። አንድ ሳንቲም አልወሰደችም፤ ፊዚክስ ለሚማሩ የዶክትሬት ተማሪዎች ነፃ ትምህርት እንዲሆን ሰጠችው። እኔ ከሁሉ የምወድላት ግን ያቺን «ተመልሳ ተመልሳ» ነው። አማካሪዋን አልተጣላችም። ዝምም አላለችም።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ባይሆንስ? ይሆናል። የማይመለሱ ሰዎች አሉ። ሁለት ገጹን ልከሽ፣ አትመሽ ሰጥተሽ፣ በወሩ ውስጥ ምንም ካልመጣ ወጣቱን ዶክተር ስብሰባ እንዲጠራልሽ ጠይቂው። ከእሱ ቀጥሎ የትምህርት ክፍሉ የድኅረ ምረቃ ኮሚቴ፣ ዲጂሲ የምትሉት፣ አለ። እዚያ ስትሄጂ ክስ ይዘሽ አትሂጂ፤ የቀን ዝርዝር ይዘሽ ሂጂ። መቼ ምን ላክሽ፣ መቼ ምን ተመለሰ። ዝርዝሩ ራሱ ይናገራል። አማካሪ መቀየር ይቻላል፤ ግን በሦስተኛ ዓመት መጨረሻ ላይ ዋጋው ከባድ ነው። አዲሱ ሰው ርዕስሽን ሊቀይረው ይፈልጋል፤ ሙያው ትንሽ ሰፈር ስለሆነም ነገ የውጭ ፈታኝ ሆኖ የሚመጣው የፕሮፍ ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይቅር አልልሽም፤ መጨረሻ ላይ ይሁን እልሻለሁ።

ከአንድ ነገር በስተቀር። ያንቺ ደብዳቤ ውስጥ የለም፣ ለሌሎች አንባቢዎች ብዬ ነው። ኮመንት የሚሰጠው ከቢሮ ውጭ፣ በማታ፣ «እራት እንብላና እናወራለን» እየተባለ ከሆነ፣ እምቢ ሲባል ደግሞ የተላከው ረቂቅ የሚጠፋ ከሆነ፣ ያ የማማከር ችግር አይደለም። ያንን በሁለት ገጽና በትሕትና አትፍቱት። መልእክቶቹን አታጥፉ፣ ለምታምኑት ሰው በዚያው ቀን ንገሩ፣ በጽሑፍ አመልክቱ። እዚያ ላይ የምን መጨረሻ፣ መጀመሪያ ላይ ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። ትቼ ልሂድ ብለሻል። ናሙናሽን ሰብስበሽ፣ የወረዳውን የትብብር ደብዳቤ አስማምተሽ፣ አፈሩን በጆንያ ተሸክመሽ፣ አንድ ጽሑፍ ለጆርናል አድርሰሽ፣ አሁን? የቀረሽ የሰውዬውን ሠላሳ ደቂቃ ማግኘት ነው። ብዙ ነገር ተበላሽቶ ቢሆን ሌላ ምክር እሰጥሽ ነበር።

ያቺን ጥናቷን 76 ቀን ያቆየሁባት ተማሪዬ በኋላ ምን እንዳደረገች ልንገርሽ። የዚያን ዕለት «76 ቀን» ብላ አልወጣችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ዶክተር፣ ገጽ 30 ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ብቻ አሁን አብረን እንየው፣ ሌላውን ይተዉት» አለች። ከፈትነው። ስሕተት ነበረበት፣ በሃያ ደቂቃ አገኘነው። ሌላውን 93 ገጽ በሚቀጥለው ሳምንት ጨረስኩት። ከዚያ ወዲህ በጓሮ በር አልገባሁም።

መልእክቱን ማክሰኞ ጠዋት ላኪው። ሰኞ ስብሰባ ነው፣ አያዩትም።